ግዳንስክ ስትገቡ በባቡር ግቡ

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼም፦ ወደ ፖላንድ የምትሄዱ ሰዎች ምክር ስትጠይቁኝ መልሴ ሁሌም አንድ ነው። ግዳንስክ ካረፋችሁ ታክሲ ተዉት፣ ወደ መሀል ከተማ በባቡር ግቡ። ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ መንገዱ ራሱ ታሪክ ስለሚያስተምር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ትምህርቱ የሚጀምረው ከስሙ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ከ2004 ጀምሮ የሚጠራው በሌክ ዋሌሳ ነው፤ በመርከብ ፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን የነበረ፣ በ1983 ኖቤል የተሸለመ፣ በ1990 ፕሬዚዳንት የሆነ ሰው።

ባቡሩ ከማረፊያው ወደ ቭዤሽች ሰፈር ይወርዳል። መስመሩ በ2015 ሲከፈት አዲስ ተባለ እንጂ፣ በቭዤሽች በኩል ያለው ክፍል የሚሄደው በ1914 በተከፈተ ሐዲድ ፈለግ ላይ ነው። ያኔ ከተማዋ ዳንዚግ ትባላለች፣ የምትተዳደረውም በጀርመን ነበር። በማርች 1945 የሚያፈገፍገው የጀርመን ጦር ድልድዮቹን በፈንጂ አፈረሳቸው። እስኪጠገን 70 ዓመት ፈጀ!

ቭዤሽች ላይ ብዙውን ጊዜ ባቡር መቀየር አለ። ወደ መሀል ስትቀጥሉ በግራ በኩል እዩ፤ የመርከብ ፋብሪካው ክሬኖች ይታያሉ። በኦገስት 1980 አና ቫለንቲኖቪች የምትባል የክሬን ሠራተኛ ጡረታዋ ወራት ሲቀሩት ተባረረች። ጓደኞቿ "ትመለስ" ብለው ሥራ አቆሙ። በወሩ መጨረሻ መንግሥት ነፃ የሠራተኛ ማኅበር እንዲኖር ፈረመ። ሶሊዳርኖሽች የተወለደው እንዲህ ነው።

ከዋናው ጣቢያ ወርዳችሁ ትንሽ በእግር ስትሄዱ ድውጊ ታርግ፣ ማለትም ረጅሙ ገበያ፣ ትደርሳላችሁ። የ17ኛው ክፍለ ዘመን የሚመስሉት ቤቶች ግን አብዛኞቹ ከ1945 በኋላ የተሠሩ ናቸው። ጦርነቱ መሀል ከተማውን አውድሞት ነበር፤ ጀርመናውያኑ ነዋሪዎች ሲወጡ ፖላንዳውያን ገቡ። መልሰው ሲገነቡም ከተማዋ በ1793 በፕራሻ እጅ ከመውደቋ በፊት የነበረውን መልክ መረጡ።

እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ "መረጡ" የሚለው ቃል ነው። የፈረሰ ከተማ ሲታደስ ግንቡ ብቻ አይደለም የሚቆመው፤ የትኛው ዘመን እንደሚታይ፣ የትኛው እንደሚደበቅም ይወሰናል። ስለዚህ ልጆች፣ አሮጌ ከተማ ስታዩ "መቼ ተሠራ?" ብላችሁ ብቻ አትለፉ። "ማን፣ የትኛውን ዘመን መርጦ ሠራው?" በሉ።