በሌዘር ቃኚ ማይክሮስኮፕ የምስል መዛባት እርማት

የምስል መዛባት እርማት፣ የሌዘር ጨረር ናሙናን ነጥብ በነጥብ እየቃኘ ምስል ሲሠራ ከስፍራቸው የተዛነፉ ነጥቦችን ወደ ትክክለኛ ቦታቸው የመመለስ ሥራ ነው። የዘርፉን መሠረት ለጣለው ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ ማርቪን ሚንስኪ በ1957 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት እንዲሰጣቸው አመልክተዋል።

ዋናው የመዛባት ምንጭ ጨረሩን በናሙናው ላይ የሚያንቀሳቅሰው መስታወት ነው። ሬዞናንት የሚባለው መስታወት በሰከንድ 8,000 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል፤ እንደ ዥዋዥዌ መሃል ላይ ይፈጥናል፣ ዳር ሲደርስ ይዘገያል። ንባቡ በእኩል የጊዜ ልዩነት ከተመዘገበ ዳር ያለው ሕዋስ ተለጥጦ፣ መሃል ያለው ተጨምቆ ይወጣል። የተዛባ ምስል ጥርት ብሎ መታየቱ ደግሞ የመሳሳቱን አደጋ ያከብደዋል። መፍትሔው የመመዝገቢያውን ሰዓት ከመስታወቱ ፍጥነት ጋር ማስማማት፣ አለዚያም ነጥቦቹን በኋላ በሳይን ቀመር ማስተካከል ነው። ጨረሩ ሲሄድም ሲመለስም የሚመዘግብ ከሆነና ሁለቱ መስመሮች ካልገጠሙ፣ የሕዋሱ ጠርዝ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል፤ የጊዜ ማካካሻ ይሻል። ልኩ የሚረጋገጠው በታወቀ ርቀት መስመሮች በተሰመሩበት ስላይድ ነው።

በአንጻሩ በወልቂጤና በቡታጅራ የወባ ደም ምርመራ በጊምሳ ቀለምና 100 እጥፍ በሚያጎላ የዘይት ሌንስ፣ በተራ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ይሠራል። በዚህ መሣሪያ የሚቃኝ መስታወት ስለሌለ እንዲህ ያለው መዛባት አይገጥምም። በእሱ የምስሉ መሃል ጠርቶ ዳሩ የሚደበዝዘው ሌንሱ ምስሉን በጎባጣ ገጽ ላይ ስለሚያሳርፍ ነው፤ ይህን ፕላን የሚባሉት ሌንሶች ያቃናሉ።

በሌዘር ቃኚ የተለካ የሕዋስ መጠን የሚያቀርብ ተመራማሪ፣ መሣሪያውን በምን ስላይድ እንዳስተካከለ አብሮ ይግለጽ።