ከሬዲች ቀይ ወደ ማድራስ ቀይ

እ.ኤ.አ. በ2017 ሮያል ኢንፊልድ «ክላሲክ 350» ለተባለው ሞተር ሳይክሉ ሦስት ቀለሞች አወጣ፤ ሬዲች ቀይ፣ ሬዲች አረንጓዴ እና ሬዲች ሰማያዊ። ሬዲች የእንግሊዝ ከተማ ናት። ሞተሩ የሚሠራው ግን በደቡብ ሕንድ፣ በቼናይ ነው። በ2024 ለዚያው ሞተር ሌሎች ቀለሞች ወጡለት። አንዱ ማድራስ ቀይ፣ ሌላው ጆድፑር ሰማያዊ ይባላል። ሁለቱም የሕንድ ከተሞች ስም ነው።

ለገዢው ነገሩ ቀለም ነው። ታሪኩን ለሚያውቅ ግን አንድ ጥያቄ አለ፦ ይህ ቅርስ የማን ነው?

ከመነሻው እንጀምር። ሬዲች የታወቀችው በመርፌ ሥራ ነበር። የኩባንያው አያትም መርፌ ሠሪ ነው። ከመርፌ ወደ ብስክሌት ተሻገረ። በ1890ዎቹ በኢንፊልድ ለሚገኘው የመንግሥት ጠመንጃ ፋብሪካ ዕቃ ያቀርብ ስለነበር ስሙን ከዚያ ወሰደ፤ መድፍም ዓርማው ሆነ። «እንደ ጠመንጃ የተሠራ» የሚለው መፈክሩ የመጣው ከዚሁ ነው። በ1901 የመጀመሪያውን ሞተር ሳይክል፣ በ1932 ደግሞ «ቡሌት» የተባለውን አወጣ። ቡሌት ማለት ጥይት ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፋብሪካው ለጦሩ ሠራ። ከሥራዎቹ ሁሉ ታሪኳ የሚገርመው «በራሪ ቁንጫ» የተባለችው 125 ሲሲ ሞተር ናት። በብረት ቀፎ ውስጥ ሆና በፓራሹት ከአውሮፕላን ትወረወር ነበር። ልብ በሉ፤ ዘሯ ጀርመናዊ ነው። የናዚ መንግሥት ዲ.ኬ.ደብልዩ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በሆላንድ ለነበሩት አይሁዳውያን ወኪሎቹ ሞተር እንዳይሸጥ ከለከለ። ወኪሎቹ ወደ ሬዲች ሄደው ተመሳሳዩን አሠሩ። ከጀርመን የተቀዳችው ሞተር ጀርመንን ልትወጋ ከሰማይ ወረደች።

ሕንድ በ1947 ነፃ ስትወጣ ድንበር የሚጠብቀው ሠራዊቷ ጠንካራ ሞተር ፈለገ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ 800 ቡሌት አዘዘ። በ1955 በማድራስ መገጣጠሚያ ተቋቋመ። በ1962 እያንዳንዱ ዕቃ እዚያው ሕንድ ይሠራ ጀመር።

ከዚያ በኋላ እናት ሞተች፤ ልጅ ተረፈች። የእንግሊዙ ኩባንያ በ1970ዎቹ መግቢያ ሥራውን አቆመ። የማድራሱ ፋብሪካ ግን ያንኑ ሞተር መሥራቱን ቀጠለ፤ ክብ የፊት መብራት፣ እንደ እንባ ጠብታ የቅርጽ ለዛ ያለው የቤንዚን ታንክ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ አንድ ሲሊንደር። ሌሎች ኩባንያዎች «የድሮ መልክ» ብለው የሚሸጡት ተቋርጦ እንደገና የተፈጠረ መልክ ነው። ይኼኛው አልተቋረጠም። ወታደሩ፣ ፖሊሱ፣ የገጠሩ ገበሬ በየቀኑ ይነዳው ነበር።

በ2000 ግን እሱም ሊዘጋ ደርሶ ነበር። የ26 ዓመቱ ሲድሃርት ላል ኃላፊነቱን ተረክቦ አተረፈው። በ2009 ክላሲክ ለሕንድ ገበያ ሲቀርብ ሞተሩ አዲስ፣ ልብሱ የ1940ዎቹ ሆነ። የጦርነቱ ቀለሞችም ተመለሱ፤ የበረሃ አሸዋ ቀለም፣ የጦር ሜዳ አረንጓዴ።

በ2018 «ፔጋሰስ» የተባለ እትም ወጣ፤ በዓለም 1,000 ብቻ፤ የበራሪ ቁንጫና የእንግሊዝ ፓራሹተኞች መታሰቢያ። ቀለሙ ሁለት ነበር፤ ቡናማና የወይራ አረንጓዴ። ሕንድ ውስጥ የተሸጠው ግን ቡናማው ብቻ ነው። የወይራ አረንጓዴ በሕንድ ሕግ የመከላከያ ተሽከርካሪዎች ቀለም ነውና ሲቪል አይቀባውም። የሕንድ ሠራተኛ የቀባውን ቀለም የሕንድ ሲቪል ሊነዳው አልቻለም!

በዚያው ዓመት፣ ከወራት በኋላ፣ ለሕንድ ጦር የመገናኛ ክፍል መታሰቢያ «ሲግናልስ» መጣ። ኩባንያውን በትዕዛዙ ያቆመው ሠራዊት በመጨረሻ ስሙ ተጠራ ማለት ነው። ቀጥሎ ማድራስ ቀይ፣ ጆድፑር ሰማያዊ።

«ይህ ሁሉ የገበያ ዘዴ ነው» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ነው። ነገር ግን ነጋዴ የሚሸጠው ሰው የሚኮራበትን ነው። ትናንት የሬዲች ስም ነበር የሚያኮራው፤ ዛሬ የማድራስም ሆነ። የወለደ ክብር አለው፤ ያሳደገው ግን ሊረሳ አይገባም። ሬዲች ይህን ሞተር ወለደችው፤ በሕይወት ያቆየችው ማድራስ ናት።

አንድ ነገር ግን ይቀራል። ማድራስ ራሱ የቅኝ ግዛት ዘመን ስም ነው፤ ከተማዋ በ1996 ቼናይ ተብላለች። በታንኩ ላይ ያለውን ቀጭን ወርቃማ መስመር ለዓመታት በብሩሽ፣ በእጃቸው ሲስሉ የኖሩት ባለሙያዎች የሚኖሩት ቼናይ ነው። «ቼናይ ቀይ» የሚባል ቀለም ገና አልወጣም።