የሞባይል አገልግሎት ሒሳብና የውል ማቋረጥ ክርክር በኢትዮጵያ

የሞባይል አገልግሎት ሒሳብ ክርክር በስልክ ደንበኛና በአገልግሎት ሰጪው ድርጅት መካከል የሚነሳ አለመግባባት ነው። መነሻው የሒሳብ አቆራረጥ፣ የጥቅል አጠቃቀም፣ የአጭር መልእክት ምዝገባ ወይም የመስመር መዘጋት ሊሆን ይችላል። ሕዝቡ ነገሩን «ስልኬ ብር በላብኝ»፣ «ካርዴ ሳልደውልበት አለቀ»፣ «ያልጠየቅሁት መልእክት ይቆርጥብኛል» እያለ ይገልጸዋል። በኢትዮጵያ አብዛኛው ደንበኛ አስቀድሞ ካርድ ሞልቶ የሚጠቀም ስለሆነ ክርክሩ የሚጀመረው ገንዘቡ ከእጅ ከወጣ በኋላ ነው። ይህ ሁኔታ የማስረዳቱን ሸክም በተግባር አቅመ ደካማው ደንበኛ ላይ ይጥላል። ሸክሙ ይበልጥ የሚከብደው ደግሞ ከከተማና ከቢሮ በራቁት እንደ አብደራፊ ባሉ የምዕራብ ጎንደር ቆላ ከተሞች ነው።

ታሪካዊ አመጣጥ

የስልክ ሒሳብ ክርክር ሞባይል ከመምጣቱ በፊትም ነበር። በመደበኛ ስልክ ዘመን ደንበኛው ወርኃዊ ኪራይና የጥሪ ሒሳብ ይከፍል ነበር። እንግዳ ወይም ጎረቤት የሩቅ ጥሪ ደውሎ የወሩን ሒሳብ እንዳያንረው ብዙ ቤተሰብ የስልኩን መደወያ በትንሽ ቁልፍ ይቆልፍ ነበር። ሞባይል በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲሆን አቅሙም ለ36,000 መስመሮች ነበር። አገልግሎቱን ይሰጥ የነበረው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ኅዳር 20 ቀን 2003 ዓ.ም. በኢትዮ ቴሌኮም ተተካ። አቅራቢው ለረጅም ጊዜ አንድ ብቻ ስለነበር ያልረካ ደንበኛ የሚያንኳኳው ሌላ በር አልነበረውም።

ነሐሴ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ድምፅ ታሪፉን በ40 በመቶ ቀነሰ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ገበያውን ለውድድር ከፈተ፤ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንንም ነጻ ተቆጣጣሪ አድርጎ አቋቋመ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አገልግሎቱን በይፋ ሲጀምር ከ09 ቁጥር ጎን የ07 ቁጥር መጣ። የ2016 በጀት ዓመት ሲዘጋ ኢትዮ ቴሌኮም ብቻውን ከ78 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ነበሩት። ከእያንዳንዱ ደንበኛ በስሕተት የሚቆረጥ አንድ ብር እንኳ በአገር ደረጃ ሲደመር ትልቅ ገንዘብ ነው።

ቅድመ ክፍያና ድኅረ ክፍያ

በድኅረ ክፍያ ውል ደንበኛው ወሩን ሙሉ ተጠቅሞ በመጨረሻ ቢል ይደርሰዋል። ቢሉ ካላመነበት ከመክፈሉ በፊት ዝርዝር ጠይቆ ሊከራከር ይችላል፤ ክርክሩ እስኪያልቅ ገንዘቡ በእጁ ነው። ድርጅቱ መስመሩን የመዝጋት አቅም ቢኖረውም ዕዳውን የማስረዳት ሥራ ግን የእሱ ነው።

በቅድመ ክፍያ ነገሩ ይገለበጣል። ካርዱ ተፍቆ፣ ቁጥሩ በ*805* ገብቶ፣ ሒሳቡ ከተሞላ በኋላ ገንዘቡ ያለው በድርጅቱ ሥርዓት ውስጥ ነው። ደንበኛው ቢል አይደርሰውም፤ የሚያየው በ*804# የሚመጣውን ቀሪ ሒሳብ ብቻ ነው። ቀሪው ስንት እንደሆነ ቢነግረውም የጎደለው በምን እንደጎደለ አይነግረውም። የብዙው ቅሬታ ሥር ይህ ነው።

የክርክር መነሻዎች

በብዛት የሚሰማው ቅሬታ ከጥቅል ጋር የተያያዘ ነው። ጥቅል የተወሰነ ደቂቃ ወይም ሜጋባይት ለተወሰነ ጊዜ የሚሸጥበት መንገድ ነው። ጊዜው ሲያልፍ ያልተነካው ቀሪ ሊቃጠል ይችላል። ጥቅሉ አልቆ ዳታው ሳይዘጋ ከቀረ ደግሞ ስልኩ ጀርባ ላይ የሚሠሩት መተግበሪያዎች ከዋናው ሒሳብ ላይ በመደበኛ ታሪፍ ሊበሉ ይችላሉ። «ሳልነካው አለቀ» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው፤ እጁ አልነካውም፣ ስልኩ ግን ሲሠራ አድሯል።

ሁለተኛው የአጭር መልእክት ምዝገባ ነው። ቀልድ፣ የስፖርት ዜና፣ የጤና ምክር ወይም መንፈሳዊ መልእክት የሚልኩ አገልግሎቶች አጭር ቁጥር አላቸው። ደንበኛው «ኦኬ» ብሎ ከላከ ወይም ሳያስተውል አንድ ምርጫ ከነካ በየቀኑ ሊቆረጥበት ይችላል። ለመውጣት «ስቶፕ» የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል ጽፎ ወደዚያው ቁጥር መላክ ያስፈልጋል። በላቲን ፊደል የማይጽፍ ገበሬ ወይም የቀን ሠራተኛ በአንድ ንክኪ ገብቶ ለመውጣት ግን የሰው እርዳታ ይለምናል። መግቢያው ለሁሉም ክፍት ሆኖ መውጫው ለተማረ ብቻ ከሆነ ፈቃድ የሚለው ቃል ትርጉሙን ያጣል።

ሦስተኛው የአየር ሰዓት ብድር ነው። ሒሳብ ያለቀበት ሰው ጥቂት ብር ይበደራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ካርድ ሲሞላ ብድሩ ከአገልግሎት ክፍያው ጋር ወዲያው ይነሳል። ብድሩን የረሳ፣ ወይም ስልኩን ተውሶ ሌላ ሰው የተበደረበት ደንበኛ ገንዘቡ እንደተሰረቀ ይቆጥረዋል። በተሳሳተ ቁጥር የተሞላ ካርድም የዚሁ ወገን ነው፤ አንዲት አኃዝ ስትሳሳት ብሩ ወደማያውቁት ሰው ይሄዳል።

የሒሳቡን መንገድ በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ሰው 100 ብር ሞላ እንበል። ቀድሞ የተበደረው 20 ብር ከነአገልግሎት ክፍያው ተነሳ። በ50 ብር የሳምንት ጥቅል ገዛ። የተመዘገበበት አጭር ቁጥር በቀን 2 ብር እየቆረጠ በሳምንት 14 ብር ወሰደ። ሰውየው የሚያስታውሰው 50 ብሩን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ግማሹ መኖር አለበት ብሎ ያምናል። ድርጅቱ የቆረጠውን ሁሉ በመዝገብ ይዟል። ሁለቱም ከያዙት ተነስተው ሲነጋገሩ አይግባቡም፤ የሚያግባባቸው ዝርዝሩ በደንበኛው ቋንቋና ፊደል ሲቀርብ ብቻ ነው።

አብደራፊና የድንበሩ ቆላ

አብደራፊ በምዕራብ ጎንደር ዞን፣ በምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ የምትገኝ የሰሊጥ፣ የማሽላና የጥጥ እርሻ ከተማ ናት። በአረምና በአጨዳ ወራት ከደጋው አካባቢ የሚመጡ የቀን ሠራተኞች የመተማን፣ የቋራንና የአርማጭሆን ቆላ ይሞሉታል። ለእነዚህ ሰዎች ስልክ ከቤት ጋር ያላቸው ብቸኛ ገመድ ነው፤ የእናት ጤና፣ የልጅ ትምህርት፣ የተላከው ብር መድረስ አለመድረሱ ሁሉ የሚሰማው በዚያች ቀፎ ነው። እርሻው ካምፕ ውስጥ መብራት ስለማይኖር ቀፎው ብዙ ቀን ተዘግቶ ይቀመጣል፤ የወር ጥቅል የገዛ ሠራተኛ ከተማ ሲወጣ ጊዜው አልፎ ያገኘዋል።

የድንበሩ ቅርበት ሌላ ጣጣ ያመጣል። መተማ ዮሐንስና የሱዳኗ ገላባት የሚለያዩት በአንዲት ድልድይ ነው፤ የሬዲዮ ሞገድ ደግሞ ኬላ አያውቅም። ኔትወርክ በራሱ እንዲመርጥ የተተወ ቀፎ ከኢትዮጵያ (251) ማማ ወደ ሱዳን (249) ማማ ሊዞር ይችላል። ሮሚንግ (በሌላ አገር ኔትወርክ መጠቀም) የተከፈተለት መስመር ከሆነ ባለቤቱ ከአገሩ ሳይወጣ በውጭ አገር ታሪፍ ሊቆረጥበት ይችላል፤ ካልተከፈተለት አገልግሎቱ ይቋረጥበታል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በቀፎው ቅንብር ውስጥ ኔትወርኩን በእጅ መምረጥና ሮሚንግን ማጥፋት።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ጥያቄ የመጣው በክልሉ ከተፈጠረው የጸጥታ ችግር ጋር ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ምዕራብ ጎንደር በሚገኝበት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለበርካታ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ጥቅል ገዝቶ አገልግሎቱ የተዘጋበት ሰው በእርሱ ጥፋት ያልሆነውን ጊዜ ማን ይክፈለው? አገልግሎት በሌለበት ቀን የጥቅሉ ቀን መቆጠር የለበትም የሚለው አቋም ለሕሊናም ለውል መርህም የቀረበ ነው። ያልተሰጠ አገልግሎት ዋጋ ሊጠየቅበት አይገባምና።

ውል ማቋረጥና መስመር መዝጋት

የድኅረ ክፍያ ደንበኛ ውሉን ለማቋረጥ መታወቂያውን ይዞ ወደ ሽያጭ ማዕከል ይሄዳል፤ ያለበትን ሒሳብ ይዘጋል፤ መስመሩ የተዘጋበትን ማረጋገጫም መቀበል አለበት። ማረጋገጫ ሳይዝ የተመለሰ ሰው ወርኃዊ ክፍያው ሳይቆም ቢቀጥል የሚያሳየው ወረቀት የለውም።

የቅድመ ክፍያ ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ ሲሙን ከቀፎው አውጥቶ ይጥላል እንጂ አያዘጋም። ለረጅም ጊዜ ካርድ ያልተሞላበት መስመር ይዘጋል፤ ቁጥሩም ቆይቶ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል። የኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቁጥሩ የገንዘብ ቦርሳ፣ የባንክ መልእክት መቀበያና የማንነት ማረጋገጫ ሆኗል። ስለዚህ መስመር ከመዝጋት በፊት በቴሌብር ያለውን ገንዘብ ማውጣት፣ ብድር መክፈልና ለባንክ አዲሱን ቁጥር ማሳወቅ ያስፈልጋል።

በእርሻው አካባቢ የሚያጋጥመው ሌላው ችግር በሌላ ሰው ስም የወጣ ሲም ነው። መታወቂያ ያልያዘ ሠራተኛ በጓደኛው ወይም በአሠሪው ስም ያወጣል። ሲሙ ሲጠፋ ለማስተካት፣ ዝርዝር ለመጠየቅ ወይም ለማዘጋት መብቱ ያለው የተመዘገበው ሰው ነው። ካርድ ለዓመታት የሞላው ሠራተኛ በሕግ ፊት ደንበኛ አይደለም።

የሕግ ማዕቀፍ

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ስልክ ባይናገርም ለዚህ ክርክር የሚሆኑ ጠንካራ መሠረቶች አሉት። አንቀጽ 1686 አንዱ ወገን ያዘጋጀው አጠቃላይ የንግድ ሁኔታ ሌላውን የሚያስገድደው አውቆት ከተቀበለው፣ ወይም በመንግሥት አካል ከተደነገገ ወይም ከጸደቀ ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። አንቀጽ 1738 ደግሞ በአንዱ ወገን የተዘጋጀ ውል አሻሚ ሲሆን ላላዘጋጀው ወገን በሚጠቅም መንገድ እንዲተረጎም ያዛል። በአንቀጽ 2001 መሠረት ግዴታ እንዲፈጸምለት የሚጠይቅ ሰው የግዴታውን መኖር ማስረዳት አለበት።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛትና በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት ሰጥቶታል። ከአዋጅ ቁጥር 1148/2011 በኋላ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑ የቴሌኮም ሸማቾችን መብትና ጥበቃ የሚመለከት የራሱን መመሪያ አውጥቷል።

የአቤቱታ ሂደት

አቤቱታ በቅድሚያ የሚቀርበው ለአገልግሎት ሰጪው ነው፤ ለኢትዮ ቴሌኮም በ994፣ ለሳፋሪኮም በ700 ይደወላል። ጥሪው የተደረገበትን ቀንና ሰዓት፣ የተሰጠውን የአቤቱታ ቁጥርና ባለሙያው የተናገረውን ቃል መጻፍ ይጠቅማል። ካርዱ አልሞላ ካለ የተፋቀው ካርድ አይጣል፤ ተከታታይ ቁጥሩ ማስረጃ ነው። የተቆረጠበትን የሚያሳይ መልእክት አይጥፋ፤ ከመቆረጡ በፊትና በኋላ የነበረው ቀሪ ሒሳብም በወረቀት ይያዝ። ምላሹ ካላረካ ጉዳዩ ወደ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይሄዳል። ፍርድ ቤት የመጨረሻው በር ነው፤ ነገር ግን ለሠላሳ ብር ቅሬታ ከአብደራፊ ተነስቶ የሚከፈለው የመኪና ዋጋና የሚባክነው የሥራ ቀን ከቅሬታው ይበልጣል። ስለዚህ ለቆላው ሰው በስልክ የሚያልቅ አቤቱታ ብቸኛው ሊደረስበት የሚችል ፍትሕ ነው።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

በደቡብ አፍሪካ ከእ.ኤ.አ. 2019 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ደንብ ኩባንያዎች ጥቅሉ 50፣ 80 እና 100 በመቶ ሲደርስ ለደንበኛው እንዲያሳውቁና ያልተጠቀመበትን ዳታ ወደ ቀጣዩ ጊዜ እንዲያሻግር እንዲፈቅዱለት ያስገድዳል። በኬንያ በዚያው ዓመት አንድ ጠበቃ የዳታ ጥቅል ጊዜ ማብቃትን ተቃውሞ ክስ አቀረበ፤ ሳፋሪኮም ኬንያም ዓመቱ ሳያልቅ ጊዜ የማያልፍበት ጥቅል ለገበያ አወጣ። በብሪታንያ ከሐምሌ እ.ኤ.አ. 2019 ወዲህ ደንበኛ ወደ 65075 አንድ አጭር መልእክት ልኮ ኩባንያ የሚቀይርበትን ኮድ ያገኛል፤ ለመልቀቅ ማንንም መለመን አያስፈልገውም።

ከሦስቱም የሚወሰደው ትምህርት አንድ ነው፤ መግባት የቀለለውን ያህል መውጣትም ይቅለል፣ የተቆረጠውም በግልጽ ይነገር። አብደራፊ ላይ ቀኑን ሙሉ ሰሊጥ ሲያጭድ ውሎ ማታ ለእናቱ የሚደውል ወጣት የሞላት ካርድ የላቡ ዋጋ ናት። ከእርሷ አንዲት ብር ስትቀነስ ምክንያቱ በሚያነበው ፊደል ሊነገረው ይገባል።