የአባት ስም፣ ዓመተ ምሕረትና የቫንኩቨር ቀመር፦ በሕክምና ጽሑፎች የዋቢ አጻጻፍ ላይ

እ.ኤ.አ. በጥር 1978 የጥቂት ጠቅላላ የሕክምና መጽሔቶች አርታኢዎች በካናዳዋ ቫንኩቨር ከተማ ተሰብስበው ለመጽሔቶቻቸው የሚቀርቡ ረቂቆች ሊከተሉት በሚገባ ወጥ ሥርዓት ላይ መከሩ። የተስማሙበት በ1979 ታተመ፤ የዋቢ አጻጻፉን ቅርጽ ያሰናዳው የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ነው። ስብስቡ ውሎ አድሮ የዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔት አርታኢዎች ኮሚቴ ተባለ፤ አጻጻፉ ግን እስከ ዛሬ የሚጠራው በከተማዋ ስም ነው። በጽሕፈት መኪና ዘመን አንዱ መጽሔት የመለሰውን ጽሑፍ ለሌላው ለመላክ ዋቢውን በሙሉ እንደገና መተየብ ግድ ይል ስለነበር፣ አርታኢዎቹን ያሰባሰባቸው ጉዳይ በመጀመሪያ ድካምን የማቅለል ጉዳይ ነበር።

ቀመሩ አጭር ነው። ዋቢዎች በጽሑፉ ውስጥ መጀመሪያ በተጠቀሱበት ቅደም ተከተል ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ አንድ ጊዜ 4 የተባለ ሥራ እስከ መጨረሻው 4 ነው። በዝርዝሩ ላይ የደራሲው የቤተሰብ ስም፣ የመጠሪያ ስሙ የመጀመሪያ ፊደል ያለ ነጥብ፣ የጽሑፉ ርእስ፣ የመጽሔቱ ስም በምሕጻረ ቃል፣ ዓመት፣ ቅጽና ገጽ ይከተላሉ። የኮሚቴው ናሙና ስድስት ደራስያንን ዘርዝሮ የቀሩትን «እና ሌሎች» ይላቸዋል፤ የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መመሪያ ግን ደራስያኑ ከስድስት ከበለጡ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ብቻ ያስቀራል። ቁጥሩ በቅንፍ ይሁን ከፍ ብሎ ይጻፍ፣ ከአራት ነጥቡ ይቅደም ወይስ ይከተል የሚለው የየመጽሔቱ ፈንታ ነው። ይህን ሁሉ እንደ ዞቴሮ፣ ሜንደሌይና ኢንድኖት ያሉ የዋቢ ማደራጃ ሶፍትዌሮች በአንድ ትእዛዝ ስለሚያስተካክሉት ብዙ ቀለም አያሻውም።

ሶፍትዌሩ ሊወስነው የማይችለው ነገር የሚመጣው «የቤተሰብ ስም» ከሚለው ሣጥን ነው። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ስም የለውም፤ የራሱ ስም፣ የአባቱ ስም፣ ሲያስፈልግም የአያቱ ስም አለው። አበበ ከበደ የሚባል ሐኪም ቢኖር በቫንኩቨር ቀመር «ከበደ አ» ይሆናል። ጥናቱን ያልሠሩት አባት ፊት ሲቀመጡ፣ የሠራው ልጅ በአንድ ፊደል ይቀራል ማለት ነው። በኢትዮጵያ ጥናት መስክ የሚጽፉ ምሁራን ይህን አልተቀበሉትም፤ የታሪክ ምሁሩን ባሕሩ ዘውዴን የሚጠቅሱት በራሳቸው ስም ነው፣ በዝርዝሩም የሚገኙት በ«ባ» ሥር ነው። የሕክምናው ዓለም ለዚህ ቦታ የለውም። በእኔ አስተያየት ሐኪሙ ከታሪክ ጸሐፊው የሚለይበት በቂ ምክንያት አለ፦ የሕክምና ዋቢ በሰው ዓይን ብቻ ሳይሆን በመረጃ ቋትም ይነበባል። ፐብሜድ «ከበደ አ» ብሎ የመዘገበውን ሥራ «አበበ ከ» ብሎ መጥቀስ ባለቤቱን ያከበረ ቢመስልም ሥራውን ከፈላጊው ይሰውረዋል። የሌላ ሰው ሥራ ሲጠቀስ፣ ትክክል ነው ብለን ያመንነውን ሳይሆን የተመዘገበውን መከተል ይሻላል።

ጥምር ስም ሲመጣ ነገሩ ይከፋል። ደራሲው የአባቱን ስም ኃይለ ማርያምን በሁለት ቃል ከጻፈ ማሽኑ «ማርያም»ን የቤተሰብ ስም ያደርጋታል፤ በሚቀጥለው ጥናቱ አንድ ላይ ገጥሞ ከጻፈው ሌላ ሰው ይሆናል፤ በእዝባር አሳጥሮ «ኃ/ማርያም» ካለ ደግሞ ሦስተኛ ሰው ተወለደ። በዚህ ላይ «ፀ»ን አንዱ በሁለት የላቲን ፊደል ሌላው በአንድ ፊደል መጻፉ ይጨመርበታል። ስለዚህ ተመራማሪ የስሙን የላቲን አጻጻፍ ከመጀመሪያ ጽሑፉ አንሥቶ ሊወስንና ላይለውጠው ይገባል። በ2012 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ኦርኪድ ለእያንዳንዱ ተመራማሪ ባለ 16 አሃዝ መለያ መስጠቱም ለአበሻ ስም ትልቅ እፎይታ ነው፤ ለቁጥሩ የአባትና የልጅ ቅደም ተከተል አያሳስበውም።

ዓመተ ምሕረትም የራሱ ጣጣ አለው። የጤናው ዘርፍ የመጀመሪያው የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ2008 እስከ 2012 በጀት ዓመት የተዘረጋ ነው። ይህን «2008» ብሎ ያለ ማብራሪያ የጠቀሰ ደራሲ ለውጭ አንባቢ ሰነዱን በሰባት ዓመት ያስረጀዋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት፣ ከዚያ ወዲህ ስምንት የሚለውን ስሌት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የሚዘነጋው የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 መግባቱ ነው፤ የ2008 በጀት ዓመት የመጀመሪያ ወራት ገና በ2007 ዓ.ም. ውስጥ ናቸው። የአውሮፓውን ዓመት በቦታው አስፍሮ የእኛን በማዕዘን ቅንፍ ማከል የሁለቱንም አንባቢ ጥያቄ ይመልሳል። የጥናቱ ዓመትና የኅትመቱ ዓመት የሚለያዩበትም ጊዜ አለ፦ የ2011 የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሪፖርት የወጣው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው፤ አንደኛው ዓመት የርእሱ፣ ሁለተኛው የኅትመቱ ነው።

ተቋም ደራሲ ሲሆን ማሽኑ እንደ ሰው ይቆጥረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በእንግሊዝኛ ስሙ «ኦርጋናይዜሽን ደብሊው ኤች» ሆኖ የታተመባቸው ጽሑፎች ጥቂት አይደሉም። በዞቴሮ ስሙን በአንድ ሣጥን ማስገባት፣ በኢንድኖት ከስሙ መጨረሻ ነጠላ ሰረዝ ማኖር ይበቃው ነበር። እንዲህ ያለ ዝርዝር ያየ ገምጋሚ ደራሲው ዋቢዎቹን ዳግመኛ እንዳላያቸው ወዲያው ይረዳል፤ ጥርጣሬውም በዋቢው ላይ አይቆምም።

ከዚህ የከበደው ግን ቅርጹ ሙሉ ሆኖ የሚያስተው ዋቢ ነው። በኮሚቴው ምክረ ሐሳብ መሠረት የተሻረ ጽሑፍ፣ ስለ መሻሩ ለመናገር ካልሆነ በቀር፣ አለመጠቀሱን ማረጋገጥ የደራሲው ኃላፊነት ነው፤ ዞቴሮም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተጠቃሚው ስብስብ ውስጥ የተሻሩ ሥራዎች ሲኖሩ ያስጠነቅቃል። ስላልተሻረውስ ማን ያስጠንቅቅ? በ1980 እ.ኤ.አ. ፖርተርና ጂክ በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ቅጽ 302፣ ገጽ 123 ላይ የአንድ አንቀጽ ደብዳቤ አወጡ። ሆስፒታል ተኝተው ናርኮቲክ መድኃኒት ከወሰዱ 11,882 ሕሙማን መካከል ሱስ በአግባቡ የተመዘገበባቸው አራት ብቻ ነበሩ ይላል። በ2017 በዚያው መጽሔት የወጣ ትንተና ደብዳቤው 608 ጊዜ ተጠቅሶ አገኘው፤ ከጠቃሾቹ 72.2 በመቶ የሚሆኑት የሱስን ብርቅነት ማስረጃ አድርገውታል፤ 80.8 በመቶዎቹ ሕሙማኑ ሆስፒታል የተኙ እንደነበሩ አልጠቀሱም። ስም፣ ቅጽ፣ ገጽ፣ ዓመት፣ ሁሉም በቦታው ሆኖ የብዙዎቹ አረፍተ ነገር ግን ደብዳቤው ያላለውን አስብሎታል። ደብዳቤው ሐሰት ስላልጻፈ ሊሻር አይችልም ነበር። መጽሔቱ ማድረግ የቻለው በ2017 ከደብዳቤው ጋር ማስታወሻ አኑሮ፣ ይህ ጽሑፍ ሳይመረመር ብዙ መጠቀሱን አንባቢ ይወቀው ብሎ ማሳሰብ ነው።