የቤት አበል ለወታደር ቤተሰቦች፦ በኬንያ መብት ነው ወይስ የመንግሥት ውሳኔ?

በናይሮቢ ሁርሊንግሃም፣ ሌናና መንገድ ላይ የኬንያ መከላከያ ሚኒስቴር ዋና መሥሪያ ቤት የሆነው ኡሊንዚ ሃውስ ይገኛል። «ኡሊንዚ» በስዋሂሊ ቋንቋ መከላከል፣ መጠበቅ ማለት ነው። አገር የሚጠብቀው ወታደር ቤተሰቡን የት ያኖራል? ኪራዩንስ ማን ይሸፍናል? የኬንያ ሕግ ለአብዛኛው ተቀጣሪ የመኖሪያ ቤት ዋስትና ሲሰጥ፣ ወታደሩን ከዚህ ዋስትና ውጭ አድርጎታል።

ቤት ወይስ ገንዘብ?

በበርካታ አገራት መንግሥት ለወታደሩ በጦር ሠፈር ውስጥ ወይም አቅራቢያ ቤት ይሰጠዋል፤ ካልሆነም ከደመወዙ በተጨማሪ የቤት አበል ይከፍለዋል።

ካምፕ ውስጥ የሚኖር ቤተሰብ የአከራይ ሥጋት የለበትም። ወታደሩ ግዳጅ ሲወጣም ጎረቤቶቹ ተመሳሳይ ሕይወት የሚመሩ ቤተሰቦች ናቸው። ነገር ግን ቤቱ የሥራው እንጂ የቤተሰቡ አይደለም። አገልግሎቱ ሲያበቃ ቤቱም ይለቀቃል።

አበል የሚቀበል ቤተሰብ በበኩሉ መኖሪያውንና የልጆቹን ትምህርት ቤት የመምረጥ ዕድል አለው። ሆኖም ኪራይ ሲንር አበሉ አብሮ ካላደገ ልዩነቱ የሚሸፈነው ከደመወዝ ነው።

የሥራ ቦታም ለውጥ ያመጣል። የኬንያ የመንግሥት ሠራተኞች የቤት አበል እንደ ሥራ ደረጃቸውና እንደተመደቡበት ከተማ የሚለያይ ሲሆን፣ ከፍተኛው የናይሮቢ ነው። ከዋና ከተማዋ የተዛወረ ሠራተኛ አበሉ ይቀንሳል፤ ቤተሰቡ ናይሮቢ ከቀረ ግን ኪራዩ አይቀንስም። ዝውውር የሙያው አካል ለሆነ ወታደር እንዲህ ያለው አሠራር ትልቅ ትርጉም አለው።

ሕጉ ምን ይላል?

እአአ በ2007 የወጣው የኬንያ የሥራ ቅጥር ሕግ አንቀጽ 31 አሠሪው ለሠራተኛው ተገቢ መኖሪያ እንዲሰጥ፣ አለዚያም ከደመወዙ በተጨማሪ ለኪራይ የሚበቃ ገንዘብ እንዲከፍል ያስገድዳል። ይኸው ሕግ በአንቀጽ 3 ግን በጦር ኃይሉ፣ በፖሊስና በማረሚያ ቤት አገልግሎት ባልደረቦች ላይ ተፈጻሚ እንደማይሆን ይደነግጋል።

የ2010 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ለማንኛውም ሰው ተደራሽና በቂ መኖሪያ የማግኘት መብት ይሰጣል። አንቀጽ 24 በበኩሉ ይህ መብት በመከላከያና በፖሊስ አባላት ላይ በሕግ ሊገደብ እንደሚችል ይገልጻል። የመደራጀት፣ ሰላማዊ ሰልፍ የመውጣትና የሥራ ግንኙነት መብቶችም በዚሁ ዝርዝር ውስጥ ተካተዋል።

ይህ ማለት ወታደሩ ቤት ወይም አበል አያገኝም ማለት አይደለም። የጥቅሙ መሠረት የቅጥር ሕጉ ሳይሆን የመንግሥት ውሳኔ ነው ማለት ነው። በሕገ መንግሥቱ መሠረት የመንግሥት ሠራተኞችን ክፍያ በተመለከተ የደመወዝና ክፍያዎች ኮሚሽን ምክረ ሐሳብ ያቀርባል።

የፖሊሶች ተሞክሮ

እአአ በመስከረም 2018 የወቅቱ ፕሬዝዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የፖሊስ አባላት የቤት አበል እየተከፈላቸው ከካምፕ ወጥተው በኅብረተሰቡ መካከል ተከራይተው እንዲኖሩ የሚያደርግ ማሻሻያ ይፋ አደረጉ። ውሳኔው ቤት በማቅረብና ገንዘብ በመክፈል መካከል ያለው ምርጫ የመንግሥት ፖሊሲ እንደሆነ ያሳያል።

እአአ በመጋቢት 2024 የጸደቀው የተመጣጣኝ ዋጋ ቤቶች ሕግ ደግሞ ከሠራተኛው ጠቅላላ ደመወዝ 1.5 በመቶ እንዲቆረጥ፣ አሠሪውም ተመሳሳይ መጠን እንዲጨምር ያዛል።

ሌሎች አገራትስ?

በአሜሪካ የወታደር የቤት አበል በማዕረግ፣ በምድብ ቦታና ጥገኛ ቤተሰብ በመኖር አለመኖሩ ይወሰናል፤ ገቢ ግብርም አይከፈልበትም። ስሌቱ የአካባቢውን የኪራይ ገበያ የሚከተል ሲሆን፣ በአማካይ ከወጪው 5 በመቶ ያህሉን ወታደሩ ራሱ እንዲሸፍን ታስቦ የተዘጋጀ ነው።

ብሪታኒያ እአአ በ1996 ከ55 ሺህ በላይ የወታደር ቤተሰብ መኖሪያዎችን ለግል ኩባንያ ሸጣ መልሳ ስትከራያቸው ቆይታለች። በ2025 መጀመሪያ ላይ ከእነዚህ ውስጥ 36 ሺህ ያህሉን ወደ 6 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ከፍላ መልሳ ገዝታለች።

ጉዳዩ ለምን ትኩረት ይሻል?

ድምፁን በማኅበር ማሰማት የማይችል ሠራዊት የኑሮ ቅሬታው መውጫ ሲያጣ መዘዙ ከባድ እንደሚሆን ታሪክ ይመሰክራል። እአአ በጥር 1964፣ ኬንያ ነጻ ከወጣች ከሳምንታት በኋላ፣ በናኩሩ አቅራቢያ ባለው የላኔት ጦር ሠፈር ወታደሮች ያመፁት በክፍያና በአገልግሎት ሁኔታ ጭምር ተማርረው ነበር። በኢትዮጵያም በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሠፈረው ጦር በምግብና በመጠጥ ውኃ ችግር ምክንያት ያስነሳው አድማ የዘውዳዊውን ሥርዓት ፍጻሜ ካፋጠኑት ክስተቶች አንዱ ሆኗል።

ለቤተሰብ ግን ከሁሉም የሚከብደው ወታደሩ በግዳጅ ላይ ሕይወቱ ሲያልፍ የሚፈጠረው ነው። ቤቱም ሆነ አበሉ ከአገልግሎቱ ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፣ ሐዘንና መፈናቀል በአንድ ጊዜ ሊመጡ ይችላሉ። በአሜሪካ በአገልግሎት ላይ ሳለ የሞተ ወታደር ጥገኞች ለ365 ቀናት ያህል በመንግሥት ቤት የመቆየት ወይም አበሉን የማግኘት መብት በሕግ ተሰጥቷቸዋል። አንድ የወታደር ቤተሰብ የአበሉን መጠን ከማወቅ ባልተናነሰ፣ አበሉ መቼና እንዴት እንደሚቋረጥ ማወቅ የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።