ከሚሰምጥ መኪና መውጣት

ከሚሰምጥ መኪና መውጣት ወንዝ፣ ሐይቅ፣ ቦይ ወይም ጎርፍ ውስጥ በገባ ተሽከርካሪ ያሉ ሰዎች ሕይወታቸውን የሚያተርፉበት ዘዴ ነው። በግጭቱ ያልተጎዱ ሰዎች እንኳ ሳይወጡ ከዘገዩ ሊሰምጡ ስለሚችሉ ወሳኙ ነገር የመጀመሪያው ደቂቃ ነው።

የመስመጥ ደረጃዎች

መኪና ውሃ ውስጥ እንደገባ ወዲያው አይሰምጥም፤ በውስጡ ያለው አየር ለጊዜው ያንሳፍፈዋል። በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ጎርደን ጊስብሬክት ሰዎች የተቀመጡበትን መኪና ውሃ ውስጥ በማስገባት ባደረጉት ሙከራ ሦስት ደረጃዎችን ለይተዋል።

የመጀመሪያው የመንሳፈፍ ደረጃ ሲሆን ከ30 ሰከንድ እስከ 2 ደቂቃ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ውሃው ገና የጎን መስኮቶቹ ታችኛ ጠርዝ ላይ አልደረሰም። ሁለተኛው ውሃው ከመስኮቶቹ ጠርዝ በላይ ወጥቶ መኪናው መስመጥ የሚጀምርበት ነው። ሦስተኛው መኪናው ተውጦ ውስጡ በውሃ የሚሞላበት ነው። ሞተሩ ከፊት የሆነ መኪና ፊቱን ወደ ታች ደፍቶ ይሰምጣል። ለመውጣት ከሁሉ የተሻለው ጊዜ የመጀመሪያው ደረጃ ነው።

በሩ ለምን አይከፈትም?

ምክንያቱ የውሃ ግፊት ነው። ለምሳሌ 1 ሜትር ቁመትና 1 ሜትር ወርድ ያለው በር እስከ ላይኛው ጠርዙ ውሃ ቢደርስበትና ውስጡ አየር ብቻ ቢሆን፣ ውሃው 5000 ኒውተን በሚጠጋ ኃይል ከውጭ ይጫነዋል። ይህም የ500 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ነው። በሩ ገና ከጅምሩ ቢከፈት እንኳ ውሃው በአንዴ ስለሚገባ መኪናው ቶሎ ይሰምጣል፤ የቀሩትም ሰዎች ጊዜ ያጣሉ። ስለዚህ መውጫው መስኮት ነው።

ቅደም ተከተል

1. የመቀመጫ ቀበቶ መፍታት።
2. መስኮት መክፈት፤ ካልተከፈተ መስበር።
3. ልጆችን ማስወጣት። ራሱን መርዳት የሚችለው ትልቁ ልጅ ይቀድማል፤ ትንሹን አዋቂው ይዞት ይወጣል።
4. በመጨረሻ አዋቂው ራሱ መውጣት።

ስልክ መደወል ከወጡ በኋላ የሚደረግ ነው። መኪናው ውስጥ ሆኖ መደወል የመንሳፈፊያውን ጊዜ ይጨርሳል።

የመስኮት መስታወት

በኤሌክትሪክ የሚሠራ መስኮት መኪናው ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ሊሠራ ስለሚችል በቅድሚያ ቁልፉ ይሞከራል። የብዙ መኪኖች የጎን መስታወት በሙቀት የጠነከረ ነው። እንዲህ ያለው መስታወት ጥግ ጥጉን በሹል የብረት ጫፍ ሲመታ ይደቅቃል። የፊት መስታወት ግን በመካከሉ ፕላስቲክ ያለበት ድርብ መስታወት ስለሆነ ቢሰነጠቅም አይለቅም።

አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች በጎናቸውም ድርብ መስታወት አላቸው። የአሜሪካ የመኪና ማኅበር በ2019 ባደረገው ሙከራ ከቀረቡት 6 የመስታወት መስበሪያዎች አንዱም ይህን ዓይነት መስታወት መስበር አልቻለም። የመስታወቱ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ በታችኛው ጥግ ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ፣ የሚሰበረው መስታወት የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። መስበሪያውም እጅ በሚደርስበት ቦታ መቀመጥ አለበት።

የተሳሳተ እምነት

«መኪናው በውሃ ሲሞላ ግፊቱ እኩል ስለሚሆን በሩ እስኪከፈት መጠበቅ ይሻላል» የሚል አስተሳሰብ አለ። የግፊቱ ነገር እውነት ነው። ነገር ግን እስከዚያ የሚጠብቅ ሰው በጨለማ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ምናልባትም በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በሩን መፈለግ ይኖርበታል። በሩን መሞከር ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ብቻ የሚደረግ የመጨረሻ ሙከራ ነው።

ጎርፍ

መኪና ለመንሳፈፍ ጥልቅ ውሃ አያስፈልገውም። 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ኃይለኛ ጎርፍ ትንሽ መኪና ሊወስድ ይችላል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ደግሞ አብዛኞቹን ተሽከርካሪዎች ይወስዳል። በዚህም ምክንያት በጎርፍ የተሸፈነን መንገድ ወይም የሞላ ወንዝን በመኪና ለመሻገር አለመሞከር የመጀመሪያው ጥንቃቄ ነው።