ደሴቲቱን ከፍ ያደረጉ ሰዎች

በታሪክ መጻሕፍት ስለ ጦርነትና ስለ ነገሥታት የተጻፈው እጅግ ብዙ ነው። ባሕር ያፈረሳትን ከተማ ነዋሪዎቿ መልሰው እንዴት እንዳቆሟት የሚተርከው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ በአሜሪካ አገር በቴክሳስ ግዛት ጠረፍ ስለምትገኘው ስለ ጋልቬስተን ከተማ፥ ይልቁንም ከታላቁ ዐውሎ ነፋስ በኋላ የከተማይቱ ሰዎች ስለ ሠሩት ሥራ እንነግራችኋለን። በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታት፥ በእኛ አቆጣጠር መሆኑ ካልተነገረ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋልቬስተን የተሠራችው በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳር በተዘረጋች ቀጭን ደሴት ላይ ነው። ደሴቲቱ ርዝመቷ 43 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ስፋቷ ግን ሰፋ ባለበት ስፍራ እንኳ ከ5 ኪሎ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። አፈሯ አሸዋ ነው። በዚያን ዘመን ከከተማይቱ መሬት ሁሉ ከፍ ያለው ስፍራ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነበር። ይህም ሆኖ በ1900 ዓ.ም. ከ37 ሺህ በላይ ሕዝብ ይኖርባት ነበር፤ የቴክሳስ ጥጥ ወደ ውጭ አገር የሚጫነው በወደቧ በኩል ስለ ነበረም ነጋዴዎቿ በባለጸግነታቸው የታወቁ ነበሩ።

አደጋው ምልክት ሳያሳይ የመጣ አልነበረም። በዚያው ጠረፍ ከጋልቬስተን በስተ ደቡብ ምዕራብ ኢንዲያኖላ የምትባል የወደብ ከተማ ነበረች። በ1875 ዓ.ም. ዐውሎ ነፋስ አፈራረሳት፤ ሰዎቿም መልሰው ሠሯት። በ1886 ዓ.ም. ሁለተኛ ሲመታትና የተረፈውንም እሳት ሲበላው ግን ትተዋት ሄዱ። የጋልቬስተን ሰዎች ይህን ባዩ ጊዜ እኛም የባሕር መከላከያ ግንብ እንሥራ ብለው ተነጋግረው ነበር፤ ነገሩ ግን ከንግግር አላለፈም። በ1891 ዓ.ም. ደግሞ በከተማይቱ የአየር ጠባይ መመርመሪያ መሥሪያ ቤት ሹም የነበሩት ሚስተር አይዛክ ክላይን በጋዜጣ ባወጡት ጽሑፍ፥ ዐውሎ ነፋስ ጋልቬስተንን ክፉኛ ይጎዳታል ማለት ከንቱ ሥጋት ነው ሲሉ አስረዱ። ሊቅ የተናገረውን ሕዝብ ያምናል፤ ምክሩ ወጪ የሚያስቀር ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይታመናል።

ሴፕቴምበር 8 ቀን 1900 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 3 ቀን 1892 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በአገራችን በሩፋኤል ዕለት የሚዘንበው ዝናም ጠበል ነው እየተባለ ልጆች ወጥተው በሚታጠቡበት በዚያ ቀን፥ በጋልቬስተንም ልጆች ጠዋት በየመንገዱ በሞላው ውኃ ይጫወቱ ነበር። ከቀትር በኋላ ነፋሱ በረታ። የነፋስ መለኪያው መሣሪያ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ያህል ካሳየ በኋላ ራሱ ተነቅሎ ሄደ። ባሕሩም ከ4 ሜትር ተኩል በላይ ከፍ ብሎ ደሴቲቱን ከዳር እስከ ዳር አለበሳት።

በባሕሩ አጠገብ ካቶሊካውያት መነኮሳይያት የሚያስተዳድሩት የሙት ልጆች ማሳደጊያ ነበር። አሥሩ መነኮሳይያት የልብስ ማስጫ ገመድ ቆራርጠው ልጆቹን በየወገባቸው ከራሳቸው ጋር አሰሯቸው። ቤቱ በፈረሰ ጊዜ አሥሩም መነኮሳይያትና 90 ልጆች አለቁ፤ ዛፍ ላይ ተንጠልጥለው የተረፉት ሦስት ወንዶች ልጆች ብቻ ናቸው። የሚስተር ክላይንም ቤት ጠንካራ ነው ተብሎ 50 ያህል ሰው ተጠልሎበት ነበር። ውኃ የነዳው ፍራሽ መትቶ ጣለው፤ ከነዚያም መካከል 18 ያህሉ ሲተርፉ፥ ነፍሰ ጡር የነበሩት ባለቤታቸው ከሞቱት ጋር ተቈጠሩ።

በዚያች ሌሊት ያለቀው ሰው በትክክል ተቈጥሮ አልታወቀም፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ ከ6 ሺህ እስከ 8 ሺህ ይገምቱታል። በአሜሪካ ታሪክ ከደረሱት የተፈጥሮ አደጋዎች ሁሉ ብዙ ሰው የፈጀው ይኸው ነው። ቤቶችም 3 ሺህ 600 ያህል ጠፉ። ባሕሩ የፈረሰውን ቤት ዕንጨት ሁሉ እየገፋ እንደ ረጅም ካብ ከመረው፤ ያም ክምር ሞገዱን ስለ ሰበረ ከኋላው የነበሩት ቤቶች ቆመው አደሩ። የተረፈውን የከተማይቱን ክፍል ያዳነው የጠፋው ክፍል ፍራሽ ነው።

በማግሥቱ ድልድዮቹ ሁሉ ፈርሰው፥ የቴሌግራፍ ሽቦውም ተበጥሶ ስለ ነበር መልእክተኞች በትንሽ መርከብ ተሻግረው ሂውስተን ደረሱና ለአገረ ገዥውና ለፕሬዚዳንት ማኪንሊ አስታወቁ። የቀሩት ሰዎች የመጀመሪያ ሥራ ሙታንን ማንሣት ሆነ። አፈሩ ውኃ ስለ ጠጣ መቃብር መቆፈር አልተቻለም። ሰኞ ዕለት 700 ያህል ሬሳ በጭነት ጀልባ ተጭኖ ባሕር ላይ ተጣለ፤ ይህንንም ሥራ እንዲሠሩ 50 ያህል ጥቁር አሜሪካውያን በጠብመንጃ ተገደዱ። ባሕሩ ግን ሬሳውን መልሶ ወደ ዳር አወጣው። ከዚያ ወዲያ ሬሳው በተገኘበት ስፍራ ከፍራሹ ዕንጨት ጋር እየተከመረ ይቃጠል ጀመር፤ እሳቱም ለብዙ ሳምንታት አልጠፋም። ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፥ አልቅሶና አፈር አልብሶ መሸኘት ወግ ለሆነለት ለእኛ አገር ሰው ይህን ማሰብ እንኳ ይከብዳል። በዚያው ሰሞን ጋዜጦች ጥቁሮች ሬሳ ይዘርፋሉ የሚል የተጋነነ ወሬ ይነዙ እንደ ነበረም አብሮ መነገር አለበት።

ከእርዳታ ሰጪዎች መካከል ስማቸው የሚነሣው የአሜሪካ ቀይ መስቀልን ያቋቋሙት ወይዘሪት ክላራ ባርተን ናቸው። ዕድሜያቸው 78 ዓመት ሆኖ ሳለ በዚያው ወር ጋልቬስተን ደርሰው ልብስና ምግብ ያከፋፍሉ ጀመር። እርሳቸው ያሰቡት ለከተማው ሰው ብቻ አልነበረም፤ ከደሴቲቱ ማዶ ባለው ጠረፍ እርሻቸው በጨው ውኃ ለተበላሸባቸው ገበሬዎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ የእንጆሪ ችግኝ እንዲታደል አደረጉ። ለተራበ ሰው እህል መስጠት የማንም ደግ ሰው ሥራ ነው፤ የሚተከል ነገር መስጠት ግን ነገን ማሰብ ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ጥያቄ፥ እንደ ኢንዲያኖላ ሰዎች ትተን እንሂድ ወይስ እንቆይ የሚል ነበር። ብዙ ሰው ሄደ። የቆዩት ግን አስቀድመው የአስተዳደሩን ሥርዓት ለወጡ፤ በ1901 ዓ.ም. ከተማይቱ እያንዳንዳቸው አንድ የሥራ ክፍል በሚመሩ ጥቂት ኮሚሽነሮች እንድትተዳደር ተደረገ፤ ይህንንም አሠራር ሌሎች ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ቀዱት። ሥራው ፈጥኗል፤ ይሁን እንጂ ቀድሞ በየቀበሌው ይመረጡ የነበሩት ሰዎች ሲቀሩ የድኻውና የጥቁሩ ሕዝብ ድምፅ አብሮ መድከሙን መካድ አይቻልም።

ቀጥሎ ሦስት መሐንዲሶች ተጠሩ። እነርሱም ሄንሪ ሮበርት፥ አልፍሬድ ኖብልና ኤች. ሲ. ሪፕሊ ናቸው። (ጄኔራል ሮበርት በ1876 ዓ.ም. የስብሰባን ሥርዓት የሚያስተምር መጽሐፍ አሳትመው በአሜሪካ አገር በማኅበራት ሁሉ ዘንድ የታወቁ ሰው ናቸው፤ ሰውን በጉባኤ ሥርዓት ማስያዝ የሚያውቅ ሰው ባሕርን ሥርዓት እንዲያስይዝ መጠራቱ ደስ የሚል አጋጣሚ ነው።) መሐንዲሶቹ በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ያቀረቡት ምክር ሁለት ክፍል ነበረው። አንደኛው በባሕሩ ዳር የሲሚንቶ ግንብ መሥራት፤ ሁለተኛው ከግንቡ በስተ ኋላ ከተማይቱን በሞላ ከነመሬቷ ከፍ ማድረግ ነው።

የግንቡ ሥራ በ1902 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1904 ዓ.ም. የመጀመሪያው ክፍል አለቀ። ቁመቱ 5 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር፥ ከሥሩ ውፍረቱ 5 ሜትር ያህል፥ ርዝመቱም ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። የባሕሩ ፊት ወደ ውስጥ ጎበጥ ብሎ የተሠራ ስለሆነ፥ ሞገዱ ሲመታው ወደ ላይ ተመልሶ በራሱ ላይ ይወድቃል። ጎብኚ ሁሉ የሚያየውና ፎቶግራፍ የሚያነሣው ይህን ግንብ ነው። በእኛ አስተያየት ግን የበለጠው ሥራ ዛሬ ከመሬት በታች ያለው ነው።

ከተማን ከፍ ማድረግ ማለት እንዲህ ነው። ሠፈሩ እየተከፋፈለ ዙሪያውን በግድብ ይታጠራል። በውስጡ ያሉት ቤቶች ሁሉ፥ የውኃና የጋዝ ቧንቧዎችም፥ የከተማው ባቡር ሐዲድም ሳይቀር ከነበሩበት ይነሣሉ። ከቤቱ ሥር በመጠምዘዣ የሚሠሩ ክሪኮች ይደረደሩና ሠራተኞች በአንድ ጊዜ እኩል ሲያዞሯቸው ቤቱ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያም በከተማይቱ መካከል በተቆፈረ ቦይ የሚገቡ መርከቦች ከባሕር ወለል የዛቁትን አሸዋ ከውኃ ጋር በቧንቧ እየገፉ በቤቶቹ ሥር ያፈሱታል፤ ውኃው ተንጠፍጥፎ ሲሄድ አሸዋው ይቀራል። በዚህ ዓይነት 2 ሺህ 156 ሕንጻዎች ተነሡ። ክብደቱ 3 ሺህ ቶን ይሆናል የተባለው የቅዱስ ፓትሪክ ቤተ ክርስቲያን እንኳ በ700 ክሪክ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሏል።

ግንቡን ለማሠራት አውራጃው በብድር ሰነድ ገንዘብ አሰባሰበ፤ ሰነዱንም ከገዙት ውስጥ ብዙዎቹ የከተማይቱ ሰዎች ነበሩ። አሸዋውን ለማስሞላት ከተማይቱና ግዛቱ ወጪውን ቻሉ። ቤትን ለማስነሣት ግን እያንዳንዱ ባለቤት ከኪሱ መክፈል ነበረበት። ባለጸጋው በቀላሉ ከፈለ፤ ትንሽ የዕንጨት ቤት ያለው ድኻም ከተረፈችው ጥሪት ላይ ቆርሶ ከፈለ። ወጪውን ያልፈለጉ የግንብ ቤት ባለቤቶች ምድር ቤታቸውን በአሸዋ አስሞሉት፤ ዛሬም በአንዳንድ አሮጌ ቤቶች ፊት ግማሽ አካሉ ተቀብሮ ጫፉ ብቻ የሚታይ የብረት አጥር አለ።

ሥራው እስከ 1910 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ቆየ። ይህን ሁሉ ዓመት ሰዉ ኑሮውን አላቋረጠም፤ በየመንገዱ ከፍ ተደርጎ በተዘረጋ ጠባብ የሳንቃ መተላለፊያ ላይ እየተላለፈ ገበያ ይሄድ፥ ልጆቹን ትምህርት ቤት ይልክ ነበር። ከሥሩ የሚሸት ጭቃ ነበር። የጨዋማው አሸዋ ዛፉንና አበባውን ሁሉ ስለ ገደለ፥ በ1901 ዓ.ም. ማኅበር ያቋቋሙት የከተማይቱ ሴቶች በየመንገዱ ዛፍ መልሰው ይተክሉ ጀመር።

በኦገስት 1915 ዓ.ም. ከ1900ው የማያንስ ዐውሎ ነፋስ መጣ። ባለ ሦስት ምሰሶ የሸራ መርከብ እንኳ ከግንቡ ጋር አላተመ። ከደሴቲቱ ውጭና ከግንቡ ባሻገር ብዙ ሰው ሲሞት፥ ከግንቡ በስተ ኋላ የሞቱት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። የ1900ው ሙታን በሺህ ይቈጠሩ እንደ ነበር ስናስብ፥ ክሪክ የጠመዘዙት ሰዎች ድካም ምን እንዳስገኘ እንረዳለን።

ንግዱ ግን አልተመለሰም። ጋልቬስተን ቤቶቿን ስታነሣ ሂውስተን ሩቅ ከባሕር ገባ ብላ የመርከብ መንገድ ታስቆፍር ነበር፤ በ1914 ዓ.ም. ያም መንገድ ተከፈተ። በ1901 ዓ.ም. በቴክሳስ የፈለቀው የነዳጅ ዘይት ሀብትም ወደዚያው አደላ። ደሴቲቱ በአንጻሩ የባሕር መዝናኛ ከተማ ሆነች።

ግንቡ ኋላ በየጊዜው እየተቀጠለ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ደረሰ። ሴፕቴምበር 13 ቀን 2008 ዓ.ም. አይክ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ሲመጣም በፊት ለፊት የመጣውን ሞገድ ቻለ፤ ውኃው ግን በስተ ጀርባ፥ ግንብ በሌለበት በወሽመጡ በኩል ዞሮ ከተማይቱን አጥለቀለቃት። ከውኃው መሸሽ በኋላ ዛፎቹ በጨው ደረቁ፤ የተቈረጡት በብዙ ሺህ ይቈጠራሉ። አንዳንድ ባለቤቶች የደረቀውን ግንድ ከሥሩ ሳያስነቅሉ በጠራቢ እጅ የወፍና የዓሣ ምስል አስቀረጹበት፤ ሌሎችም ጎን ለጎኑ አዲስ ችግኝ ተከሉ።